አማቴ ኩሬዎቼን የወሰዱብኝ ቀን

ኤረር መጥቶ የዓሣ ኩሬዎቹን ያየ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «የማን ናቸው?» ብሎ ነው። «የአማቴ ናቸው፤ እኔ እረኛቸው ነኝ» እላለሁ። ሰው ቀልድ ይመስለውና ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ሳቁ ካለፈ በኋላ ለምን ፊቴን እንደማዞር የምታውቀው ግን ሚስቴ ብቻ ናት። ዛሬ ለእናንተም ልነግራችሁ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። ስጨርስ ከታዘባችሁኝም ታዘቡኝ፤ እኔ ራሴን ከታዘብኩ ቆይቻለሁ።

ሰይድ እባላለሁ። የወሎ ልጅ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግኩት ሐይቅ ከተማ ነው፤ ዓሣ ለእኛ ቤት እንደ ሽሮ የዘወትር ነገር ነበር። ጅግጅጋ የገባሁት ገና ጢሜ ሳይበቅል ነው። የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ከፈትኩ፣ ሶማሊኛ ተማርኩ፣ ኡባህን አገባሁ፣ ወግ ማዕረግ አየሁ። በ2010 ክረምት ከተማው በተናወጠ ጊዜ ሱቄ ተቃጠለ። ጎረቤት ግቢ ተደብቄ ጭሱን ሳይ አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣችም። ሲረጋጋ ሄጄ ያገኘሁት የቀለጠ ጎማና የበሩን ብረት ብቻ ነው።

ያን ሰሞን የኡባህ አባት ከኤረር ደወሉ። አዴር ሮብሌ ነው የምላቸው፤ አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፣ በእኛ አካባቢ ለታላቅ ሰው ሁሉ ይባላል። በወጣትነታቸው ባቡር ላይ ስለሠሩ አማርኛ ይናገራሉ፤ አጠር አጠር ያለ፣ ትእዛዝ የሚመስል አማርኛ ነው።

«ቤት አለኝ። ውሃ አለኝ። ልጄን ይዘህ ና» አሉና ዘጉት።

ኤረርን ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ዙሪያው ድንጋይና ግራር የበዛበት ደረቅ ሜዳ ነው። ከተራራው ሥር ግን ምንጭ ይፈልቃል፤ እሱ በቦይ እየተመራ የብርቱካን፣ የመንደሪንና የማንጎ እርሻዎችን ያጠጣል። የአዴር ሮብሌ እርሻ ከሁሉም የሰፋው ነው። ሰፊ በረንዳ ያለው አሮጌ የድንጋይ ቤት አለው፣ ፊት ለፊቱ በሰልፍ የተተከለ ብርቱካን፣ ጓሮው ፓፓያ። ግመሉና ፍየሉ ከኡባህ ወንድሞች ጋር ሜዳ ላይ ነው የሚውለው።

ገባን። ምንም አልተነፈገኝም፤ እንዲያውም ከልጆቻቸው የተሻለ ቦታ ነበር የሚሰጡኝ። ግን አማቱ ቤት የሚኖር ወንድ ሲያስነጥስ እንኳን ቀስ ብሎ ነው። ማዕድ ሲቀርብ ቶሎ እጠግባለሁ። ኡባህ «ምነው?» ስትለኝ «ጨጓራዬ» እላታለሁ። ጨጓራዬ ደህና ነበር።

የእርሻው ታችኛው ጫፍ ውሃ ይቋጥራል፤ እዚያ ያለው ብርቱካን ቢጫ እየሆነ ይሞት ነበር። አንድ ቀን ዳሩ ላይ ቆሜ ሳየው ይህ ቦታ ለብርቱካን ባይሆን ለዓሣ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ለአዴር ሮብሌ ነገርኳቸው።

«ዓሣ ባሕር ነው የሚኖረው። እዚህ ምን ያደርጋል?» አሉኝ።

«እኔስ የወሎ ሰው እዚህ ምን አደርጋለሁ፣ አዴር?»

ሳቁ። ሲስቁ የማያቸው ከስንት አንዴ ነው። «ቆፍር» አሉኝ።

ሦስት ኩሬ ቆፈርኩ። የዓሣ ጫጩት ከዝዋይ በበርሜል ውሃ አድርጌ በአይሱዙ አመጣሁ፤ ቆሮሶ የሚባለውን ዓይነት። መንገድ ላይ የሞተው ሞቶ የተረፈውን ለቀቅኩት። በዚያ አካባቢ ከእኔ በፊት ዓሣ ያረባ ሰው የለም። የመንደሩ ሰው መጀመሪያ ሊስቅብኝ መጣ፣ ቆይቶ ሊያይ መጣ። ፉርሽካ ስበትን ውሃው ላዩ ላይ ሲፍለቀለቅ ያዩና «ያ ሰይድ! ይሄ ሁሉ ዓሣ ነው?» ይሉኛል። «ገና ምኑ ተነካና!» እላለሁ፤ ደረቴ ይነፋል። ከሱቄ ወዲህ የኔ የምለው ነገር ያ ብቻ ነበር።

ችግሩ ውሃው ነው። በዚያ ፀሐይ አዲስ ውሃ የማይገባበት ኩሬ በጥቂት ቀን ሾርባ ይሆናል። የምንጩ ውሃ ደግሞ በተራ ነው፤ እያንዳንዱ እርሻ የራሱ ቀን አለው፣ የተረፈው ወደ ከብቱ ገንዳ ይወርዳል። የአዴር ሮብሌ ተራ ለብርቱካናቸው ነው። እሱን ልስጥህ ቢሉኝም አልቀበልም ነበር፤ እንዲያውም አንድ ጊዜ ሊሉኝ ሲጀምሩ ወሬ ቀይሬባቸዋለሁ። ቤታቸው መኖሬ ሳያንስ ውሃቸውን ልጨምርበት? ስለዚህ የውሃውን ሽማግሌዎች ለመንኩ። ዋናው ሐጂ ዋይስ ናቸው፤ ቀልድ የሚወዱ፣ በፍርድ ላይ ግን ቀልድ የማያውቁ ሰው።

«ከከብቱ ውሃ ቀንሰን እንሰጥሃለን» አሉኝ። «ለሙከራ ነው። ዓሣውን የምታወጣበት ቀን ጠርተህ ታሳየናለህ። የሚታይ ነገር ካለ ውሃው ያንተ ነው። ከሌለ ወደ ከብቱ ይመለሳል።»

ተስማማሁ። ያኔ ጥጋበኛ ነበርኩ፤ የሚታይ ነገር እንዳለ አልተጠራጠርኩም።

አንድ ነገር ደግሞ ከዚህ ላይ ልንገራችሁ። ኩሬዎቹ አንድ ሰሞን እንደቆዩ ለእንግዳ ብዬ አንዲት ዓሣ አውጥቼ ስከፍታት ሆዷ እንቁላል ሞልቷል። አዴር ሮብሌ በአጠገቤ ሲያልፉ አዩ። ዓሣ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም፤ ሽታውንም አይወዱም። ያን ቀን ግን ቆሙ።

«ያረገዘች ላይ ቢላዋ ታነሳለህ?»

«ዓሣ እኮ ናት፣ አዴር።»

«እንስሳ እንስሳ ነው። ሴቷን አትንካ። መንጋው እሷ ናት። ወንዱን ብላ።»

ግመልና ፍየል የሚያረባ ሰው ሁሉ የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ ወንዱ ይታረዳል ወይ ይሸጣል፣ ሴቷ ትቀራለች፣ መንጋው ይበዛል። ለእኔም ልክ መሰለኝ። ዝዋይ ጫጩቱን የሰጠኝ ሰው ዓሣን ገልብጦ ከሆዱ በኩል ወንድና ሴት እንዴት እንደሚለይ አሳይቶኝ «ለይተህ አርባ» ብሎኝ ነበር። የትኛውን ለምን እንደምለይ ግን አልጠየቅኩትም፤ የሚያውቅ መምሰል ስለምወድ ራሴን ነቅንቄ መጣሁ። ከዚያ በኋላ ዓሣ በተፈለገ ቁጥር ትልቅ ትልቁን በመንጠቆ አወጣለሁ፣ እገለብጣለሁ፤ ወንድ ከሆነ ድስት ይገባል፣ ሴት ከሆነች ትመለሳለች። ዓሣው የሚወጣበት ቀን ሲቃረብ ደግሞ ይደልቡ ብዬ መንጠቆውንም ሰቀልኩ። ውሃው አረንጓዴ ስለሆነ ውስጡ አይታይም። የማየው ፉርሽካ ስበትን የሚፍለቀለቀውን ብቻ ነው።

ቀኑ ደረሰ። ዝናብ ከራቀ ቆይቶ ነበርና ከብቱ ከስቷል፤ የሽማግሌዎቹም ዓይን ኩሬዎቹ ላይ ነበር። ጠዋት ማንጎው ሥር ምንጣፍ አነጠፍን። ሽማግሌዎቹ በትራቸውን እያስቀደሙ መጡ። ከድሬዳዋ ደግሞ ጋሽ በለጠ የሚባሉ የዓሣ ነጋዴ በረዶ የተሞላ ሳጥን በፒካፕ ጭነው መጡ፤ ለሆቴሎች የሚያከፋፍሉ፣ ድምፃቸው ከፊታቸው የሚቀድም ሰው ናቸው። እኔ ነበርኩ የጠራኋቸው። «ሳጥን በብዛት ያምጡ» ብዬ በስልክ ያዘዝኳቸውም እኔ ነኝ።

አዴር ሮብሌ አዲስ ሽርጥ ለብሰው፣ ኮፍያቸውን አስተካክለው ከሐጂ ዋይስ ጎን ተቀመጡ። ለመጣው ሰው ሁሉ ሻይ ራሳቸው ነበር የሚያቀብሉት። ኡባህ ፔርሙዝ ይዛ ትመላለሳለች።

«ሰይድ፣ ዛሬ ዓሣው ካልወጣ አንተን ነው የምንጠብስህ» አሉ ሐጂ ዋይስ።

«እኔ ለአንድ ሰውም አልበቃ፣ ሐጂ። ዓሣው ይሻላችኋል።»

ሳቁ። ቢስሚላህ ብዬ የመጀመሪያውን ኩሬ ማፍሰሻ ከፈትኩ።

ውሃ ሲወርድ ቀርፋፋ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ባሰበት። መጀመሪያ ዳሩ ላይ ጥቁር የጭቃ መስመር ታየ፣ ከዚያ መስመሩ ሰፋ። የትልቅ ዓሣ ጀርባ ውሃውን ቀዶ ሲያልፍ ለማየት ዓይኔን ተክያለሁ። የለም። «ታች ነው የሚሰበሰቡት» አልኩ፤ ማንም አልጠየቀኝም። ሻይ ተቀዳ፣ ተጠጣ። ውሃው ከጉልበት በታች ሲሆን መፍለቅለቅ ጀመረ። «ይኸው!» ብዬ ጮህኩ። ሁሉም ከምንጣፉ ተነስተው ዳር መጡ። ከሁለት ሠራተኞች ጋር ገብተን መረቡን ጎተትን፤ ይከብዳል። ክብደቱ ደስ አለኝ። እስከ ዳር ጎትተን ከፈትነው።

ጣት ጣት የሚያክሉ ናቸው። ሁሉም። ጭቃው ላይ ተንፈራገጡ፣ ተዘረገፉ፣ አሁንም ተዘረገፉ፤ መሐላቸው ያሉት ጥቂት የከሱ እናቶች እንኳን ከመዳፍ አያልፉም። እኔ ከመረቡ ሥር ሌላ ነገር ያለ ይመስል እጄን እየሰደድኩ እፈልጋለሁ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጎንበስ ብለው አዩና በሶማሊኛ «እነዚህስ ልጆቹ ናቸው። አባቶቻቸው የታሉ?» አሉ። ለማሾፍ አልነበረም፤ በቅን ነው የጠየቁት።

«ትልልቆቹ ሁለተኛው ኩሬ ናቸው» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። በሦስቱም ኩሬ ያለው እኩል ተለቆ እኩል ያደገ ነው ብዬ ስንት ጊዜ የነገርኳቸው እኔው ነኝ።

ሁለተኛውን ከፈትኩ። እንደገና ያ ቀርፋፋ ውሃ። ሻይ የሚጠጣ ጠፋ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፤ አዴር ሮብሌን ላለማየት ጀርባዬን ሰጥቻቸው ቆሜያለሁ። መረቡን ጎተትን። ያው ነው። ሦስተኛውን ልከፍት ስሄድ ሐጂ ዋይስ «ተወው ልጄ፣ አየን» አሉኝ፤ በርኅራኄ ነው ያሉት፣ እሱ ባሰብኝ።

ጋሽ በለጠ አንዷን ዓሣ መዳፋቸው ላይ አድርገው አዩዋት። «ይሄን ለማን ልሽጠው? ለድመት?» አሉ። ከዚያ ግን የሙያ ነገር ሆኖባቸው ጠየቁኝ፦ «እስካሁን ስትበሉ የኖራችሁት የትኛውን ነው?»

«ወንድ ወንዱን ነው። ሴቷን አልነካንም።»

ጋሽ በለጠ እስኪቀመጡ ድረስ ሳቁ። «ወንድሜ፣ ዓሣ ላይ እኮ የሚያድገው ወንዱ ነው! ሴቷማ ጉልበቷ እንቁላል ላይ ያልቃል፤ ልጆቿን በአፏ ይዛ ስትዞር ምን ትበላለች? አንተ ሸጋ ሸጋውን ወንድ በላህ፣ ደቃቃውን ለዘር አስቀረህ፣ ሴቶቹ በላይ በላዩ ወለዱ፤ ምግቡ ለማን ይድረስ? ኧረ ማነው ይሄን የመከረህ?»

ይህን ያሉት በአማርኛ ነው። አማርኛ የማይሰሙት ሽማግሌዎች «ምን አለ? ምን አለ?» ተባባሉ። አንዱ ተርጎመላቸው። ጥያቄው ሲደርስ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ማነው የመከረህ?

«ማንም» ማለት እችል ነበር። «ራሴው ነኝ» ማለት እችል ነበር፤ እሱም ውሸት አይደለም። ጭቃ እስከ ብብቴ ለብሼ፣ ዓሣው እግሬ ሥር እየዘለለ፣ ፊቴ እንደ እሳት እየጋለ ዞርኩ። ጣቴን ቀሰርኩ።

«እሳቸው ናቸው!» አልኩ። «ሴቷን አትንካ ያሉኝ እሳቸው ናቸው። በሕይወታቸው ዓሣ ቀምሰው አያውቁም፣ ዓሣን እንደ ግመል አርባ ብለው ለዚህ ያበቁኝ እሳቸው ናቸው!»

በሶማሊኛ ነው የተናገርኩት። ጋሽ በለጠ የጠየቁኝ በአማርኛ ነበር፣ መልሱም በአማርኛ ይበቃ ነበር። እኔ ግን ሁሉም እንዲሰሙኝ ፈልጌ ሶማሊኛውን መረጥኩ። ይህቺን ነገር ስንት ጊዜ ልደብቃት ሞክሬያለሁ። ተሳስቶ ከአፌ የወጣ ቃል አይደለም፤ መርጬ ነው።

ኡባህ ፔርሙዙን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀምጣ ወደ ቤት ገባች። አዴር ሮብሌ አልተቆጡም። ኮፍያቸውን ነካ አደረጉና እጃቸውን ጭናቸው ላይ መለሱ። ኤረር ውስጥ ሰው ሲጣላ ለማስታረቅ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። በእኒያ ሰዎች መሐል ማንም ድምፁን ከፍ አድርጎባቸው አያውቅም።

«ሰይድ» አሉ ሐጂ ዋይስ። «ጣትህን አውርድ።»

እስከዚያ ድረስ እንደተቀሰረ ነበር። አላወቅኩም።

ሽማግሌዎቹ ወደ ምንጣፉ ተመለሱ። እኔ ዳር ቆሜ ቀረሁ፤ ጋሽ በለጠ እንኳን ሳቃቸውን ውጠው መኪናቸው ጥላ ሥር ሄደው ቆሙ። ሽማግሌዎቹ ብዙ አልተነጋገሩም። ሐጂ ዋይስ ጠሩኝ።

«መጀመሪያ የውሃው ነገር» አሉ። «እንደተባባልነው ነው። የሚታይ ነገር የለም። ከነገ ጀምሮ ውሃው ወደ ከብቱ ገንዳ ይመለሳል።»

«ልክ ነው» አልኩ። ኩሬዎቹ አለቁ ማለት ነው። ሦስተኛው ኩሬ ውስጥ ያለው ዘር፣ ጭቃ ላይ የቀረው፣ ሁሉም በሳምንት ውስጥ ይሞታል።

«ሁለተኛው ነገር» አሉና ወደ አማቴ ዞሩ። «ሮብሌ፣ በሰው ፊት ተዋርደሃል። ሃል አለህ። ትጠይቃለህ ወይስ ትተዋለህ?»

ሃል በሶማሌ ሕግ በአደባባይ ለተዋረደ ሰው የሚከፈል ካሳ ነው። የተዋረደው የሚፈልገውን ይጠይቃል፤ ሽማግሌ ካጸደቀው አጥፊው እምቢ ማለት አይችልም። ከተከፈለ ነገሩ እዚያው ይዘጋል። ግን ከልጅህ ባል፣ ያውም ቤትህ ከሚኖር ሰው ሃል መጠየቅ የተለመደ አይደለም፤ ሰው ይተወዋል። እሳቸውም ይተዉታል ብዬ ጠበቅኩ። እንዲተዉት ግን አልፈለግኩም፤ በዚያ ላይ ደግሞ ምሕረታቸውን ተሸክሜ እዚያ ቤት እንዴት እኖራለሁ?

«እጠይቃለሁ» አሉ አዴር ሮብሌ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«ምን ትጠይቃለህ?»

«ኩሬዎቹን። ሦስቱንም። ከነዓሣቸው፣ ከነመረባቸው።»

«ሮብሌ፣ ይሄ ጭቃ ምን ያደርግልሃል?»

«እሱ የኔ ጉዳይ ነው።»

ሐጂ ዋይስ ወደ እኔ ዞሩ። «ሰይድ፣ ትሰጣለህ?»

ሊያስደፍኗቸው ነው አልኩ በልቤ፤ ይገባኛል። «እሰጣለሁ» አልኩ። የኔ የምለውን ሳጣ ሁለተኛ ጊዜዬ ነው፤ አሁንስ ያቃጠልኩት እኔው ነኝ።

አዴር ሮብሌ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አዩዋቸው። «አሁን ኩሬዎቹ የማን ናቸው?»

«ያንተ ናቸው» አሉ ሐጂ ዋይስ።

«እንግዲያው ስሙኝ። የከብቱን ውሃ አልነካም፤ ወደ ገንዳው ይመለስ። ከነገ ጀምሮ የብርቱካኔን ተራ ለኩሬዎቼ አደርገዋለሁ። የራሴን ውሃ ለራሴ ንብረት ባጠጣ የሚከለክለኝ አለ?»

የሚከለክል የለም። «ብርቱካኑስ?» አሉ አንዱ ሽማግሌ፤ ያን ብርቱካን የአዴር ሮብሌ አባት እንደተከሉት ሁሉም ያውቃል።

«ብርቱካኑ ስንት ዓመት ጠጣ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ለእኔ ሁልጊዜ የሚናገሩት በአማርኛ ነው፤ ያን ጊዜም በአማርኛ ነበር። «ዓሣ አላውቅም፤ አንተም ተናገርክ። የሚጠብቅልኝ ሰው ያስፈልገኛል። ትጠብቃለህ?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

ቀጥለው ያደረጉትን ሳስታውስ እስከ ዛሬ አንገቴን እደፋለሁ። ጫማቸውን አውልቀው፣ ሽርጣቸውን ሰብስበው ወደ ጭቃው ወረዱና ጋሽ በለጠን ጠሩ። «ወንዱ የትኛው ነው? አሳየኝ።» ጋሽ በለጠ ሮጠው መጡ። ያንኑ ሰዓት በርሜሎቹን በቦይ ውሃ ሞላን። ዳሩ ላይ ተቀምጠን፣ ዓሣ ይሸተኛል የሚሉት ሰው አንድ በአንድ እያነሱ፣ እየገለበጡ፣ ዓይናቸው ሲደክም ለጋሽ በለጠ እያሳዩ፣ ወንዱን ወደ አንድ በርሜል ሴቷን ወደ ሌላ ሲለዩ ዋሉ። እኔ በአጠገባቸው ተቀምጫለሁ። በዚያ ሁሉ ሰዓት ያናገሩኝ ስለ ዓሣ ብቻ ነው። «ይሄስ?» ይላሉ። «ወንድ ነው፣ አዴር» እላለሁ። «ይቺስ?» «ሴት ናት።»

ኡባህ ለብዙ ቀን አላናገረችኝም። አንድ ጠዋት ልብስ እያሰጣች «አባቴ ለምን ሃል እንደጠየቀህ ገብቶሃል?» አለችኝ።

«ስላዋረድኳቸው ነው።»

«አልገባህም ማለት ነው። ውሃውን ቢሰጥህ አትቀበለውም። ቤታችን ስትበላ እንኳን በልክ እየበላህ መሆኑን አባቴ ያያል። ስጦታ እምቢ ትላለህ፤ ሃል ግን እምቢ አይባልም።» ከዚያ ልብሷን ማስጣት ቀጠለች።

ጨጓራዬ ነው እያልኩ የዋሸሁትን ሁሉ ያውቁ ኖሯል። ባዋረድኳቸው በዚያች ቅጽበት፣ ጣቴ ገና ሳይወርድ፣ እሳቸው የሚያስቡት እኔን እንዴት እንደሚያተርፉኝ ነበር። ወላሂ፣ በጥፊ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ጊዜ ወንድ ወንዱን ለብቻ አደለብን፤ ጋሽ በለጠ ሳጥኖቻቸውን ሞልተው ሄዱ። ዛሬ ከጎረቤት እርሻዎች ኩሬ የቆፈሩ አሉ፤ ሲጠይቁኝ አሳያቸዋለሁ። ብርቱካኑ ግን ከላይ በኩል ጀምሮ ደረቀ። የደረቀውን አዴር ሮብሌ ራሳቸው ይቆርጡታል፤ እኔ ልቁረጥ ስላቸው «ዓሣህን ጠብቅ» ይሉኛል። ዓሣዬ አይደለም፤ ግን እንደዚያ ነው የሚሉት።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ምን ተማርክ ብትሉኝ አንድ ነገር ነው የምላችሁ። ሱቄን ላቃጠሉት ሰዎች ትንፍሽ አላልኩም፤ ፈራኋቸው። አዴር ሮብሌን ግን አልፈራኋቸውም፤ መልሰው እንደማይመቱኝ አውቃለሁ። ሰው ሲያፍር እጁ የሚሰነዘረው ወደሚወደው ሰው ነው፣ እሱ ይችለዋልና። እናንተም ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ የሚችላችሁ ሰው ካለ ዛሬ ማታ አንድ ጊዜ ዞር ብላችሁ እዩት። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ስናደድ መጀመሪያ የማየው እጄን ነው። ማዕድ ሲቀርብም እስክጠግብ እበላለሁ።

ይቅርታ ለመጠየቅ አልሞከርኩም እንዳትሉኝ። አንድ ከሰዓት በረንዳው ላይ አጠገባቸው ተቀምጬ «አዴር፣ ያን ቀን…» ብዬ ጀመርኩ። እጃቸውን አነሱ።

«ሃሉ ተከፍሏል» አሉ። «የተከፈለ ነገር አይነሳም። ብታነሳው አዲስ ጥፋት ነው።»

ሕጉ እንደዚያ ነው። ሌላ ጊዜም ሞከርኩ፤ ተነስተው ሄዱ። ስለዚህ ከሁሉም በላይ ልላቸው የምፈልገውን አንድ ቃል ልላቸው አልችልም። ለኡባህ ብነግራት እሷም ልጃቸው ናት፣ «ተዘግቷል» ትለኛለች።

አሁን ይህን ስጽፍ ከፊቴ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። «ምን ትጽፋለህ?» አሉኝ ቅድም። «የዓሣ ነገር ነው» አልኳቸው። አዴር ሮብሌ አማርኛ ይናገራሉ እንጂ አያነቡም። በአማርኛ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

አዴር፣ ይቅር ይበሉኝ።